ሠራተኛው እስኪመጣ ውኃውን ያዢው

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ከሁለት ልጆቼ ጋር እኖራለሁ፤ ባለቤቴ ለሥራ ክፍለ ሀገር ነው ያለው። ከወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ሥር ውኃ መንጠባጠብ ከጀመረ ሰነበተ። ወደ እኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም ሌሊት ነው። በመጣ ቁጥር ባልዲ እደቅናለሁ፤ ጠዋት ስነሣ ግን ባልዲው ሞልቶ፣ ወለሉ ረጥቦ አገኘዋለሁ። በፌስታል ጠመጠምኩት፣ በፕላስተር አሰርኩት፣ ሱፐር ግሉ ገዝቼ ቀባሁበት፤ አልያዘም። አሁን ደግሞ ከታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ ጣሪያቸው እንደ ረጠበና መብራታቸው አጠገብ ውኃ እንደሚንጠባጠብ ሊነግሩኝ መጥተው ተቆጡኝ። እኔም ተበሳጭቼ ስለነበር መልስ ሰጠኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለንም። የቧንቧ ሠራተኛው ለበዓል አገሩ ገብቷል፤ የምመጣው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው አለኝ። አከራዬ አሜሪካ ናት፤ ስደውልላት «እስቲ እንደምንም አቆይው» ትለኛለች። እንደምንም እንዴት ነው የሚቆየው? የሚያሽግ ነገር ካለ ንገሩኝ።
የሦስተኛ ፎቋ ተከራይ

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቅሽኝ ማሸጊያ ነው። እሱንም እነግርሻለሁ፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልለውጥብሽ። ግፊት ያለበትን ቧንቧ ቤት ውስጥ በሚገኝ ነገር አሽጎ ለሁለት ሳምንት ማቆየት እጅግ ከባድ ነው። ውኃው ከተዘጋ ግን ቀዳዳው የቱንም ያህል ቢሰፋ አንዲት ጠብታ አይወጣም። ስለዚህ ዳግም ትንሣኤ እስኪያልፍ ድረስ ያንቺ ዋና ሥራ ውኃው ወደ ቤትሽ የሚገባበትን ሰዓት መያዝ ነው፤ አንቺ ነቅተሽ፣ ቆመሽ በምታዪው ሰዓት ይገባል፤ በቀረው ጊዜ ሁሉ ይዘጋል። ሌላው ምክሬ በሙሉ ከዚህ በታች ነው።

ከውኃውም በፊት ግን የእማማ መብራት ይቀድማል። ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ውረጂና ያ መብራት ያለበት መስመር ከብሬከሩ ላይ እንዲጠፋ አድርጊ። ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አይበቃም፤ መብራቱ ቢጠፋም በጣሪያው ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ኃይል ሊኖር ይችላል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ያለ ማብሪያ መንካትም ራሱ አደገኛ ነው። የትኛው ብሬከር እንደሆነ ካልታወቀ ዋናው ይውረድ። መብራቱ ጣሪያው ደርቆ የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያውቅ ሰው እስኪያየው ድረስ አይብራ። የጣሪያው ልስን ወደ ታች አብጦ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ አልጋም ሰውም ይነሣ፤ ውኃ ያዘለ ልስን ሳያስጠነቅቅ ይወድቃል። ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ወለል ላይ የተዘረጋ ኤክስቴንሽን፣ መሬት ላይ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካለ ከፍ አድርጊው። የእንጀራ ምጣድሽ የሚሰካው ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ከሆነም ቧንቧው እስኪጠገን እዚያ አትጋግሪ።

አሁን ወደ ውኃው እንሂድ። ሁለት መዝጊያዎችን ለይተሽ ማወቅ አለብሽ። አንዱ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከግድግዳው ወጥቶ የሚታየው ትንሹ መዝጊያ ነው፤ ሠራተኞች አንግል ቫልቭ ይሉታል። ሌላው ከቆጣሪሽ ቀጥሎ ያለው ዋናው መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካ የሚባለው ነው። ትንሹን መጀመሪያ ሞክሪው። የሚያፈሰው ቦታ ከእሱ በኋላ ከሆነ ችግርሽ ግማሽ በግማሽ ቀለለ፤ እሱን ዘግተሽ መታጠቢያ ቤቱንና ሽንት ቤቱን እንደ ወትሮው ትጠቀሚያለሽ፣ የሚቀርብሽ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ብቻ ይሆናል። የሚያፈሰው ራሱ መዝጊያው ወይም ከእሱ በፊት ያለው ቧንቧ ከሆነ ግን ከዋናው መዝጋት ግድ ይላል።

በኮንዶሚኒየም የብዙ ቤቶች ቆጣሪዎች አንድ ቦታ ተደርድረው ስለሚገኙ የሌላ ሰው ውኃ ዘግተሽ አዲስ ጠብ እንዳታመጪ ተጠንቀቂ። ደረሰኝሽ ላይ ያለውን የቆጣሪ ቁጥር ቆጣሪው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያዪና የአንቺን ለይተሽ በፕላስተር ላይ የቤት ቁጥርሽን ጽፈሽ ለጥፊበት። ከቆጣሪው በፊት ያለውን መዝጊያና ማኅተሙን አትንኪ፤ እሱ የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ነው። ፍሳሹም ከቆጣሪው በፊት ሆኖ ከተገኘ በ906 ደውለሽ ማሳወቅ ነው እንጂ ራስሽ የምትነኪው ነገር የለም።

ለዓመታት ማንም ያልነካው መዝጊያ ይደርቃል። አልዞር ካለሽ በትልቅ መፍቻ አታስገድጂው፤ ዘንጉ ከተቆረጠ መዝጋትም መክፈትም የማይቻልበት ደረጃ ላይ ትደርሺያለሽ። ጥቂት ወደ መዝጊያው፣ ጥቂት ወደ መክፈቻው እያመላለስሽ በትዕግሥት አላልተሽ አዙሪው። ይህን ልምምድ ውኃ በሌለበት ቀን፣ በብርሃን አድርጊው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ወለሉ በውኃ ተሞልቶ መዝጊያ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ይሰብራል።

ሮቶ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በይ። ቆጣሪውን ብትዘጊም ሮቶው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ መውረዱን ይቀጥላል። ብዙ ሰው ዋናውን ዘግቶ ውኃው አልቆም ሲለው ቆጣሪው ተበላሽቷል ብሎ የሚደነግጠው ለዚህ ነው። የሮቶው መውጫ የራሱ መዝጊያ አለው፤ እሱም ይዘጋ። የሻወር ማሞቂያ ካለሽ ደግሞ ውኃውን ስትዘጊ ኤሌክትሪኩንም አጥፊው፤ ውኃው አልቆበት የሚሞቅ ማሞቂያ ይቃጠላል።

መዝጊያው በእጅሽ ከገባ በኋላ የሚያፈሰውን ቦታ በትክክል እንፈልግ። ውኃ የቧንቧውን ሆድ ይዞ ይወርድና ዝቅ ባለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ጠብታው የሚወድቅበት ቦታና ቀዳዳው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ አንቺም ፌስታሉን የጠመጠምሽው ጠብታው ላይ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ። ውኃ በመጣበት ሰዓት የስልክሽን መብራት አብሪና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ አድርቂው። ከዚያ ደረቅ ሶፍት ይዘሽ ከላይ ጀምረሽ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እየነካሽ ውረጂ። ጣት የማያውቀውን እርጥበት ሶፍት ወዲያው ያሳይሻል። ከላይ ሲቆጠር መጀመሪያ ሶፍቱን ያረጠበው ቦታ ነው ጥፋተኛው፤ ከእሱ በታች ያለው ሁሉ ከእሱ የወረደ ነው።

ይህን ስታደርጊ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተዘግቶ ይቆይ። ቧንቧው ተዘግቶ እያለ ሶፍቱ ከረጠበ የሚያፈሰው ውኃ የሚያመጣው መስመር ነው። ያ ሁሉ ደርቆ ቆይቶ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ያጠራቀምሽው ውኃ ሲለቀቅ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ ደግሞ ችግሩ የፍሳሽ መስመሩ ላይ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ጠማማው የፍሳሽ ቧንቧ፣ ሲፎኑ የሚባለው አካባቢ ነው። የፍሳሹ ከሆነ እጅግ ቀላል ነው፤ ሲፎኑን ፈትተሽ አጽጂው፣ በውስጡ ያለው የላስቲክ ቀለበት ተጣሞ ወይም ተሰንጥቆ ከሆነ በአዲስ ቀይሪውና በእጅሽ አጥብቂው። ፕላስቲክ ስለሆነ መፍቻ አያስፈልገውም፤ በመፍቻ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል። ነገር ግን ደብዳቤሽ ውኃ በመጣበት ሌሊት፣ ማንም ዕቃ ሳያጥብ ባልዲው እንደሚሞላ ይናገራል፤ ስለዚህ የሚያመጣው መስመር ይመስለኛል።

በሚያመጣው መስመር ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው ከትንሹ መዝጊያ እስከ ቧንቧው የሚሄደውን ፍሌክሲብል ነው። ላዩ የብረት ሽቦ ጥልፍ ቢሆንም ውስጡ ላስቲክ ነው፤ ላስቲኩ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ጫፉ ላይ ያለው የላስቲክ ቀለበት፣ ጎሚኒው፣ ደግሞ ይደርቃል። ሶፍቱ የረጠበው እዚህ ከሆነ ዳግም ትንሣኤን መጠበቅ አያስፈልግሽም። መዝጊያውን ዘግተሽ አሮጌውን ፍቺና ወደ ቧንቧ ዕቃ መሸጫ ይዘሽው ሂጂ፤ ርዝመቱንና የጫፉን ስፋት አይተው ተመሳሳዩን ይሰጡሻል። ስትገጥሚው ጎሚኒው በቦታው መቀመጡን አይተሽ በእጅሽ እስከሚቆም አጥብቂው፣ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ያህል ብቻ ጨምሪ። አብዝቶ ማጥበቅ ጎሚኒውን ይጨፈልቀዋል፤ ብዙ አዲስ ፍሌክሲብል በተገጠመ በሳምንቱ ማፍሰስ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሶፍቱ የረጠበው ጥርስ ያለው የብረት መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ በሌላው ውስጥ እየዞረ የሚገባበት ቦታ ከሆነ፣ ቴፍሎን የሚባለው ስስ ነጭ ጥቅል ያስፈልጋል። ቴፍሎኑ የሚሠራው ጥርሱ ላይ፣ ከውስጥ ሲጠመጠም ነው። ከላይ ተጠምጥሞ የሚታየው ቴፍሎን ምንም ጥቅም የለውም። ስለዚህ ውኃው ተዘግቶ መገጣጠሚያው ይፈታል፣ አሮጌው ቴፍሎን ወይም ቃጫ ይጸዳል፣ አዲሱ መገጣጠሚያው በሚጠብቅበት አቅጣጫ ተወጥሮ ደጋግሞ ይጠመጠማል። በተቃራኒው ከተጠመጠመ ሲጠብቅ ተጠቅልሎ ይወጣል። ይህን ልትሠሪው ትችያለሽ፤ ግን መገጣጠሚያው በቀላሉ ካልተፈታ ተዪው። በኃይል ሲፈታ ከግድግዳው ውስጥ ያለው ቧንቧ አብሮ ይዞርና በዓይንሽ የምታዪው ጠብታ ወደማታዪው ፍሳሽ ይለወጣል።

ወደ ሱፐር ግሉው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሞክረው ስለሆነ። በብዙ አዳዲስ ሕንፃዎች ውስጥ የተዘረጋው ነጭ ወይም አረንጓዴ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ፒፒአር ይባላል፤ የተሠራውም ከፖሊፕሮፒሊን ነው። ይህ ፕላስቲክ በባሕርዩ ሙጫ አይቀበልም። ሠራተኞችም የሚያገናኙት ጫፎቹን በ260 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚግል መሣሪያ አቅልጠው እርስ በርስ በማጣበቅ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ዓይነት ሙጫ ብትገዢ ገንዘብሽ ይባክናል፤ ሲደርቅ የያዘ ይመስላል፣ ውኃው ሲመጣ እንደ ቅርፊት ይነሣል።

ፌስታሉና ፕላስተሩ ያልያዙበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። በቧንቧ ውስጥ ያለ ውኃ 10 ሜትር ከፍታ ባለው ቁጥር 1 ባር ያህል ግፊት አለው፤ 1 ባር ማለት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ማለት ነው። ሌሊት ደግሞ የሰፈሩ ሰው ተኝቶ ቧንቧው ሁሉ ሲዘጋ ግፊቱ ከቀኑ ይጨምራል። የፕላስተር ሙጫ በደረቅ ነገር ላይ እንጂ በእርጥብ ላይ አይይዝም፤ ፌስታል ደግሞ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ስለማይሰበሰብ ቀዳዳውን አይጫነውም። የሚጫን ነገር ነው የሚያስፈልግሽ።

ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ከጎማ ጠጋኝ በጥቂት ብር የምታገኚው የከመነዳሪ ቁራጭ ነው፤ የጎማ ውስጠኛው ላስቲክ። ሦስት ጣት ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ አስቆርጪ። ውኃውን ዝጊ፣ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን አፍስሺ፣ የሚታሰርበትን ቦታ በደንብ አድርቂ። ከቀዳዳው አንድ ጋት ወደ ኋላ ራቅ ብለሽ ጀምሪና ላስቲኩን እስከቻለ ድረስ እየወጠርሽ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን ግማሽ እየሸፈነ፣ ቀዳዳውን አልፈሽ ሌላ ጋት እስክትጨምሪ ጠምጥሚው። በላዩ ላይ ሁለት ፋሼታ፣ ማለትም በብሎን የሚጠብቅ የብረት ማሰሪያ፣ በካቻቢቴ አጥብቂበት፤ ፋሼታ ከሌለ ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዢበት። በቀጥተኛ ቧንቧ ላይ ላለ ትንሽ ቀዳዳ ይህ ጥሩ አድርጎ ይይዛል። በክርን ወይም በመገጣጠሚያ ላይ ግን ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም። የድሮ የብረት ቧንቧ ከሆነና ዝገት ካለው ዝገቱን አትፋቂ፤ ብዙ ጊዜ ቧንቧውን የያዘው እሱ ስለሆነ ሲፋቅ ቀዳዳው ይሰፋል። ግድግዳ ውስጥ ላለ ፍሳሽ ግን ከውጭ የሚታሰር ምንም ነገር የለም፤ ከላይ ሲሚንቶ የሚለጥፉም አሉ፣ ውኃው ግን ሌላ መንገድ ፈልጎ በእማማ ጣሪያ ይወጣል።

ላስቲኩን አሠርሽ እንበል። ይዟል ብለሽ ተኝተሽ አትደሪ። ከሥሩ የውኃ ብርጭቆ አስቀምጪና በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ እዪ። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ በ10 ደቂቃ ከሞላ በሰዓት 1 ሊትር ተኩል ይፈስሳል ማለት ነው። ውኃው ለ12 ሰዓት ቢቆይ 18 ሊትር፣ ማለትም ቢጫው ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ በአንድ ሌሊት ወደ ታች ይወርዳል። ውኃው በየቀኑ ሌት ተቀን የሚኖር ቢሆን ኖሮ በወር ከ1,000 ሊትር ያልፍ ነበር፤ ቆጣሪው ላይ አንድ ሜትር ኪዩብ ማለት ነው። ሰዎች «ትንሽ ጠብታ ናት» ሲሉ የምከራከረው ይህን ሂሳብ አስቤ ነው።

እንግዲህ ከዋናው መዝጋት ካለብሽ የፈረቃ ሌሊቶችሽ እንዲህ ይሁኑ። ከመተኛትሽ በፊት መዝጊያው መዘጋቱን፣ በቤቱ ያሉ ቧንቧዎችም ሁሉ መዘጋታቸውን አረጋግጪ። ውኃ በሌለበት ቀን ቧንቧ ከፍቶ መርሳት የተለመደ ነው፤ ልጆችም ይከፍቱታል። ውኃው መምጣቱን ከጎረቤት ወይም ከጥበቃው ስትሰሚ መዝጊያውን በጥቂቱ ክፈቺ። ባዶ የቆየ መስመር ውስጥ አየር አለ፤ መዝጊያው በአንዴ ከተከፈተ አየሩና ውኃው እየተገፋፉ ሲመጡ ቧንቧውን ይመቱታል፣ የደከመውን መገጣጠሚያ የሚበጥሰውም ይህ ምት ነው። መታጠቢያ ቤት ያለውን አንድ ቧንቧ ክፍት አድርገሽ አየሩ ተንፍሶ ውኃው ረጋ ብሎ መውረድ ሲጀምር ጨምሪ። መጀመሪያ የሚመጣው ደፍርሶ ከሆነ ለሽንት ቤት ያዢው። ከዚያ በርሜሉን፣ ጀሪካኖቹን፣ ሳፋውን ሙዪ። ሲሞላ ዝጊና ተኚ። ልጆች ያሏት ሴት በእኩለ ሌሊት ይህን ማድረጓ ድካም መሆኑን አውቃለሁ፤ ባልዲ ደቅኖ ተኝቶ ጠዋት ወለል ከመወልወልና ከጎረቤት ከመጣላት ግን ይቀላል።

የሚጠጣውን ለብቻው አድርጊ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት መስመር ላይ ግፊቱ ሲጠፋ በተቀደደ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል፤ ስለዚህ ለልጆችሽ የምትሰጪውን አፍልተሽ ወይም በውኃ አጋር አክመሽ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጪ። ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመው ለሽንት ቤትና ለወለል ይሁን።

በዓሉም አለ። ዶሮ ሲታጠብ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ነው፣ ውኃውም ብዙ ነው። የፍሳሽ መስመሩ እንደማያፈስ በሶፍት ካላረጋገጥሽ ዶሮሽን በዕቃ ማጠቢያው ውስጥ አትጠቢ። ከጀሪካን እየቀዳሽ በሳፋ እጠቢና እጣቢውን ሽንት ቤት ድፊው። የስብና የደም ውኃ ወደ እማማ ጣሪያ ከወረደ ሽታው በቀላሉ አይለቅም። የበዓሉን ዕቃ ማጠብም እንዲሁ በሁለት ሳፋ፣ አንዱ ለማጠቢያ አንዱ ለመለቅለቂያ።

እማማን በተመለከተ የማልደብቅሽ ነገር አለኝ። እርሳቸው ናቸው የተበደሉት። አንቺ ጥፋት አልሠራሽም፤ ነገር ግን ውኃው ከአንቺ ቤት ወጥቶ በእርሳቸው ጣሪያ በኩል እየወደቀ ነው፣ መብራታቸውም አስጊ ሆኗል። የተቆጡት ስለፈሩ ይመስለኛል። ስለዚህ ለብሬከሩ ስትወርጂ ይቅርታ ጠይቂያቸው። መዝጊያውን እንዳገኘሽው፣ ውኃውን የምትከፍችው በዚህ ሰዓት ብቻ እንደሆነ ንገሪያቸው፤ ስልክ ቁጥርሽን ስጪያቸውና ጠብታ ካዩ በማንኛውም ሰዓት እንዲደውሉልሽ ለምኛቸው። አዛውንት ሰው ቤት ውኃ የፈሰሰበትን ወለል የሚወለውለው ማን እንደሆነም አስቢ። ወርደሽ አብረሽ ወልውዪ።

ስትወርጂም እርሳስ ያዢ። ጣሪያው ላይ ያለውን የእርጥበት ጠርዝ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪና ቀኑን ጻፊበት። ኮንክሪትና ልስን የጠጡትን ውኃ ቶሎ አይለቁም፤ አንቺ ከዘጋሽ በኋላም ለተወሰነ ጊዜ ሊንጠባጠብ፣ እድፉም ለቀናት ሊቆይ ይችላል። መስመሩ ካለ ግን ሁለታችሁም ታውቃላችሁ፤ እርጥበቱ ከመስመሩ ወደ ውስጥ ከሸሸ መዝጋትሽ ሠርቷል። ውኃው ተዘግቶ ሳለ መስመሩን አልፎ ከሰፋ ግን ፍሳሹ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ከሻወሩ ወይም ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ፣ አለዚያም ከሌላ ቤት ቧንቧ። ያን ጊዜ ለቧንቧ ሠራተኛው የምትነግሪው ነገር ሌላ ይሆናል።

አከራይሽ «እንደምንም አቆይው» ያለችሽ ሩቅ ስለሆነችና ስላላየችው ይሆናል። ስለዚህ አሳያት። የሚያፈሰውን ቦታ፣ የእማማን ጣሪያ፣ መብራቱን በስልክሽ ቀርጸሽ በቴሌግራም ላኪላት። ፍሌክሲብልና ቴፍሎን ብትገዢ ራስሽ ልትችይው ትችያለሽ፤ ግድግዳ ተሰብሮ የሚሠራ ቧንቧ ግን በእኔ እምነት የቤቱ ባለቤት ወጪ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማን እንደሚከፍል፣ አንቺ ከከፈልሽም ከኪራዩ ላይ እንደሚታሰብልሽ በጽሑፍ እንድትመልስልሽ አድርጊ፤ ደረሰኞቹንም አስቀምጪ። የእማማ ጣሪያ ማደሻም በዚሁ ውስጥ ይካተት። አሁን ካልተነሣ በኋላ የሚያነሣው አይኖርም፣ ቂሙ ግን ይቆያል።

ለሠራተኛው ደግሞ ከአሁኑ ፎቶውን ላኪለት፤ ቧንቧው ፒፒአር ይሁን ብረት፣ ውፍረቱም ስንት እንደሆነ ንገሪው። በቧንቧው ላይ 20 ወይም 25 የሚል ጽሑፍ ካለ ሚሊ ሜትሩ ነው፤ 20 በብረቱ ግማሽ ኢንች፣ 25 ሦስት አራተኛ ኢንች ከሚባለው ጋር ይገጥማል። ይህን ቀድሞ ካወቀ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፤ አለዚያ መጥቶ ግድግዳ ከፍቶ፣ ዕቃ ልግዛ ብሎ ሄዶ ሊያድር ይችላል። የምትቀጣጥሩበትንም ቀን ምረጪ። ፒፒአር የሚቀጠለው በደረቁ ነው፣ ትንሽ ውኃ ካለበት ማቅለጡ አይይዝም፤ መሣሪያውም የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ውኃ የማይመጣበትና መብራት ያለበት ቀን ይሁን፣ ጠዋት ይጀመር።

ሠራተኛው ሲጨርስ በዚያው ቀን ልለስነው ቢልሽ እሺ አትበዪ። ግድግዳው ክፍት ሆኖ ውኃ የሚመጣበት አንድ ሌሊት ይለፍ። በሌሊቱ ግፊት፣ በዚያው በሶፍት፣ አዲሶቹን መገጣጠሚያዎች ፈትሺያቸው። ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግተሽ ቆጣሪውንም ተመልከቺ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ትንሿ መዘውር ጨርሳ መቆም አለባት። የሠራተኛው ቀሪ ሂሳብም ከዚያ በኋላ ይከፈል። ልስኑ በማግስቱ ይደርሳል፤ የእማማ ጣሪያ ግን ቀለም ከመቀባቱ በፊት እስኪደርቅ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፣ በእርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ወዲያው ይላጣልና።